የጫካ ቡና ስንት ያወጣል?

እ.ኤ.አ. በ1971 የቡና ፍሬ በሽታ ኢትዮጵያ ውስጥ ታየ። ገና አረንጓዴ በሆነው እሸት ላይ ጠቆር ያለ ጎድጓዳ ነጥብ ይወጣል፤ ነጥቡ እየሰፋ ሄዶ ፍሬው ይረግፋል፣ ወይም እዚያው ቅርንጫፉ ላይ ጠቁሮ ይደርቃል። ተመራማሪዎች መድኃኒቱን የፈለጉት ደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ውስጥ ነበር። በሽታው ያልደፈራቸውን እናት ዛፎች እየለዩ ዘር ሰበሰቡ። ዛሬ ብዙ ገበሬ የሚያውቀው 74110 የተባለው ዝርያ ከኢሉባቦር የተገኘ ሲሆን፣ 74 የተመረጠበት ዓመት ነው።

ጫካው ለዚህ ውለታው ደረሰኝ አልቆረጠም። በተለመደው የሒሳብ መዝገብ ደን ገቢ የሚሆነው ጣውላ ሲሆን ወይም ተመንጥሮ በቆሎ ሲዘራበት ነው። ሥነ ምህዳራዊ ኢኮኖሚክስ የተባለው የጥናት ዘርፍ የተነሳው ይህን መዝገብ ለማረም ነው።

ላርስ ሃይን እና ፍራንዝ ጋትዝዋይለር የተባሉ ሁለት አጥኚዎች እ.ኤ.አ. በ2006 የኢትዮጵያን የዱር ቡና ዘረ መል ዋጋ አሰሉ። በሽታ የሚቋቋም፣ ካፌይኑ ያነሰና ምርቱ የበዛ ቡና ለማዳቀል ዘሩ በ30 ዓመት ውስጥ ለዓለም ምን ያህል ይጠቅማል ብለው ነው የጠየቁት። መልሳቸው ሁለት ነበር፦ 1,458 ሚሊዮን ዶላር፣ ወይም 420 ሚሊዮን ዶላር።

ልዩነቱን ያመጣው የቅናሽ ምጣኔ የሚባለው ነገር ነው፤ የመጀመሪያው በ5 በመቶ፣ ሁለተኛው በ10 በመቶ የተሰላ ነው። የነገ ገንዘብ ከዛሬው ያነሰ ነው ተብሎ ስለሚታሰብ በየዓመቱ በመቶኛ ይቀነሳል። ከ30 ዓመት በኋላ የሚገኝ 100 ብር በ5 በመቶ ሲሰላ ዛሬ 23 ብር ገደማ ያወጣል፤ በ10 በመቶ ሲሰላ ግን 6 ብር አይሞላም። ደኑ ያው ደን፣ ዘሩም ያው ዘር ነው። ግምቱን ከሲሶ በታች ያወረደው ገና ላልተወለዱት ምን ያህል እንደምናስብ የሚወስነው ያ መቶኛ ነው፤ እሱን ደግሞ ከጫካ ለቅሞ የሚያመጣ ሳይንቲስት የለም። እኔ ለውሳኔ ሰጪዎች የሚቀርብ የዋጋ ጥናት ሲደርሰኝ መጀመሪያ የምፈልገው ይህችን ቁጥር ነው፤ ብዙ ጊዜ የተቀመጠችው ከመጨረሻዎቹ ገጾች በአንዱ ነው።

በዓለም ባንክ ያገለገለው ኢኮኖሚስት ኸርማን ዴሊ ጥያቄዎቹን በቅደም ተከተል ያስቀምጣቸው ነበር። አስቀድሞ ተፈጥሮ የሚችለው እስከ ምን ድረስ እንደሆነ ይለካ፤ ቀጥሎ ድርሻው ለማን እንደሚገባ ይወሰን፤ ገበያው ከዚያ ወዲያ ዋጋ ያውጣ። እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ የተመዘገቡት፣ በዚያው በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ያሉት የያዩና የከፋ ጥብቅ ሥፍራዎች የመጀመሪያውን ጥያቄ መልሰዋል ማለት ይቻላል። መሐሉ የማይነካ ነው፤ ዙሪያው ቡና፣ ማርና ኮረሪማ የሚገኝበት ከለላ ነው፤ ከዚያ ውጪ ያለው ይታረሳል።

የሚከብደው ሁለተኛው ነው። ዘሩ ለብራዚል ወይም ለኮሎምቢያ ቡና አምራች ቢጠቅም፣ ከጫካው አጠገብ ለሚኖረው ገበሬ የሚደርሰው ነገር የለም። የተለመደው መፍትሔ ለጫካ ቡና የተሻለ ዋጋ መክፈል ነው፤ ደግ ሐሳብ ነው፣ ግን ጣጣ አለው። ዋጋው የሚከፈለው በኪሎ ነው። ኪሎ ለማብዛት ገበሬው ከሥር ያለውን ቁጥቋጦ ይመነጥራል፣ ብርሃን እንዲገባ የላዩን ጥላ ያሳሳል፣ ክፍት ቦታውን በችግኝ ይሞላል። ምርቱ ያድጋል፤ ነገ ትልልቆቹን ዛፎች የሚተኩት ቡቃያዎች ግን ከቁጥቋጦው ጋር ይጨፈጨፋሉ። የሚተከለው ችግኝ እንደ 74110 ያለ የተመረጠ ዝርያ ሲሆን ደግሞ፣ ከጫካ የወጣው ዘር የጫካውን ወንድሞቹን ቦታ ይቀማል።

ኮስታ ሪካ እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ በሌላ መንገድ ሄዳለች። ደኑን ጠብቆ ላቆየ ባለይዞታ በሄክታር ይከፈለዋል፤ ገንዘቡም በአብዛኛው ከነዳጅ ግብር የመጣ ነው። ለያዩ ገበሬም ክፍያው ከኪሎ ወደ ሄክታር ቢዞር፣ ቁጥቋጦውን ባለመመንጠሩ የሚያጣው ምርት ይካሳል። ያን ካሳ ከማንም በፊት ማዋጣት ያለባቸው ግን፣ በእኔ እምነት፣ ከዘሩ ዋናውን ጥቅም የሚያገኙት ታላላቅ ቡና አምራች አገሮችና ቆልተው የሚሸጡት ኩባንያዎች ናቸው።