የዳጉሳ እንጀራ በምሳ ዕቃ

ዘንድሮ አንዲት የ4ኛ ክፍል ተማሪያችን እንጀራዋን ከጠረጴዛ ሥር ደብቃ ስትበላ አገኘኋት። «ጥቁር ነው» ብለው ስቀውባት ነበር። እናቷ ጤፍ ስለተወደደባት ግማሹን ዳጉሳ ቀላቅላ ነው የጋገረችው።

ወላጆች ሆይ፣ ይህች እናት አልተሳሳተችም። በጎጃም ብዙ ቤት የሚበላው ይኸው ነው። ኡጋንዳም የዳጉሳ አገር ናት፤ በሉጋንዳ «ኦቡሎ» የሚባለው እርሱ ነው፣ በየገበያው አይጠፋም። በ100 ግራም ዳጉሳ ውስጥ ከ300 ሚሊ ግራም በላይ ካልሲየም ይገኛል፤ ነጭ ሩዝ ከዚህ ጋር አይወዳደርም።

ብቻ ቡኮውን አታቻኩሉት። በእርሾ 2 ወይም 3 ቀን ሲቆይ፣ በእህሉ ውስጥ ያለውን ብረት አስሮ የሚይዘው ንጥረ ነገር ይቀንሳል፤ የልጁም ሰውነት ብረቱን በቀላሉ ያገኛል። የካምፓላ ሙቀት ቶሎ ስለሚያኮመጥጥ ጠዋት ማታ ማየት ነው። ላዩ ላይ የጠለለውን ውሃ ደፍታችሁ አብሲት ጣሉበት።

እናትየው በሌላ ቀን እንጀራውን ከእንቁላል፣ ከቲማቲምና ከጎመን ጋር እንደ ዋንዴገያ ሮሌክስ ጠቅልላ ላከችላት። ልጅቷ በጠረጴዛው ላይ አድርጋ፣ ቀስ ብላ እያኘከች በላች። ከሳቁባት አንዱ «እስቲ አቅምሺኝ» ሲላት በጆሮዬ ሰማሁ።