ጣትን የማያስር የእጅ ልብስ

ብርድ በበረታ ጊዜ በእጁ የሚሠራ ሰው ሁለት ነገር ይቸግረዋል። እጁን ቢሸፍን ጣቱ ይታሰርበታል፤ ቢገልጠው ደግሞ ይደነዝዝበታል። የጃፓን ገበሬዎችና መንገደኞች ለዚህ ችግር ያገኙት ዘዴ ለቤተ ሰብ የሚጠቅም ሁኖ ስለ ታየን፥ ለክቡራን አንባቢዎቻችን ልንገልጸው ወደድን።

ልብሱ በአገሩ ቋንቋ ቴኮ ይባላል። «ቴ» እጅ ማለት ነው፤ «ኮ»ም በዚህ ስም የእጅን ጀርባ ያመለክታል። ብዙውን ጊዜ በጥቁር ሰማያዊ ቀለም ከተነከረ የጥጥ ጨርቅ ይሰፋል። የእጅን አንጓ ከከበበ በኋላ ጀርባውን እየሾለ ይሸፍንና በመካከለኛው ጣት ላይ በቀለበት ይያዛል። መዳፉ ግን ባዶ ነው፤ ማጭድ የሚጨብጥ ሰው እጀታውን በመዳፉ ሊያውቀው ይገባዋልና። ዛሬም ቢሆን በሺኮኩ ደሴት 88ቱን የቡድሃ ቤተ መቅደሶች ከሚሳለሙት መንገደኞች አንዳንዶቹ ያደርጉታል።

የጃፓን የሥራ ልብስ ውበቱ ከችግር የተወለደ ነው። በሰሜን በኩል ባለው በትሱጋሩ ግዛት ከብርዱ የተነሣ ጥጥ አይበቅልም ነበር፤ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1724 ዓ.ም. የወጣ ደንብም ገበሬዎች የጥጥ ልብስ እንዳይለብሱ ከለከለ። ሴቶቹም ከተክል ልጥ የተሠራውን ሳሳ ያለ ጨርቅ፥ ክሩን እየቈጠሩ በስፌት ደፈኑት። ነፋስን ለመከልከል የታሰበው ስፌት ውሎ አድሮ ኮጊን የሚባል ያማረ ጌጥ ሆነ።

የሹራብ ሥራ ወደ ጃፓን የገባው ከፖርቱጋልና ከእስፓንያ ሰዎች ጋራ ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት ደመወዛቸው ያልበቃቸው ዝቅተኛ ሳሙራዮች፥ ማለት ሰይፍ ታጣቂ ባለማዕርጎች፥ ጓንትና የእግር ሹራብ እየሠሩ ቤተ ሰባቸውን ይረዱ ነበር። እኛ እንደምናስበው፥ ሰይፍ የያዘ እጅ መርፌ ቢይዝ ክብሩ አይቀነስም።

ቴኮን በሱፍ ክር ለመሥራት የሚፈልግ ሰው መካከለኛ ውፍረት ያለው ክርና 4 ሚሊሜትር የሆኑ ሁለት የሹራብ መርፌዎች ያዘጋጅ። በመጀመሪያ 40 ቀለበት በመርፌው ላይ ይጀምር። ሁለቱን ቀለበት ክሩን ከኋላ፥ ሁለቱን ክሩን ከፊት እያደረገ 10 ሳንቲሜትር ይሥራ፤ ይህም አንጓውን ይይዛል። ቀጥሎ ከግራም ከቀኝም 10 10 ቀለበት ሳያጠብቅ ይዝጋ። በቀሩት 20 ቀለበቶች 8 መሥመር ከሠራ በኋላ፥ በየሁለተኛው መሥመር ከሁለቱም ዳር አንዳንድ ቀለበት እየቀነሰ 2 እስኪቀሩ ይሂድ። በእነዚህ ሁለት ቀለበቶች ጣቱን የሚከብብ ጠባብ ገመድ ሠርቶ ጫፉን ከሾለው ላይ ይስፋ። በመጨረሻም የአንጓውን ሁለት ዳር ያጋጥም። ክሩ ጥቁር ሰማያዊ ሁኖ በነጭ ስፌት ቢጌጥ የአገሩን መልክ ይመስላል።

በቀዝቃዛ ክፍል የሚጽፍ ጸሐፊ ይህን ቢያደርግ ብዕሩን ሳያስቀምጥ ይሞቀዋል። ነገር ግን ምክራችን የመጀመሪያው ጥንድ ለራስ እንዳይሆን ነው። እኛ ተኝተን ሳለ በራችንን የሚጠብቀው ዘበኛ፥ ጎሕ ሲቀድም ውሃ የምትቀዳው ሠራተኛ ከእኛ ይልቅ ብርዱን ያውቁታል። ቴኮም የሚስማማው እንደ እነርሱ ላሉ እጆች ነው።