ፒንግ ይሠራል፣ ዶሜን ግን እምቢ

ሰሞኑን አንድ መሥሪያ ቤት ሦስተኛ ፎቅ ላይ አዲስ ሰብኔት ተከፍቶ ኮምፒውተሮቹ ዶሜን አልገባ አሉ። ምድር ቤት ያሉት ያለ ችግር ይገባሉ። የአይቲው ልጅ «ሰርቨሩን ፒንግ አደርገዋለሁ እኮ!» ይለኛል። ፒንግ መንገዱ ክፍት መሆኑን እንጂ ሌላ አይነግርም።

መጀመሪያ የማየው ዲኤንኤስ ነው። አንዱን ኮምፒውተር ስንከፍት ዲኤችሲፒው 8.8.8.8 ሰጥቶታል። የጎግል ዲኤንኤስ የመሥሪያ ቤቱን የውስጥ ዶሜን ከየት ያውቀዋል? ኮምፒውተር ዶሜን ኮንትሮለሩን የሚያገኘው በኤስአርቪ ሬከርድ ነው፤ እሱ ያለው ደግሞ የውስጥ ዲኤንኤሱ ላይ ነው። 8.8.8.8ን «ሁለተኛ» አድርጎ መጨመርም አያዋጣም፤ አንድ ቀን ይሠራል፣ በማግስቱ ያስለቅሳል።

የዶሜኑንም ስም ሙሉውን ከነነጥቡ ጻፉ። አጭሩ ስም በብሮድካስት ሲፈለግ ራውተር አያሻግረውም።

ይህ ሁሉ ሆኖ እምቢ ካለ በሰብኔቶቹ መሃል ያለውን ፋየርዎል እዩ፦ 53፣ 88፣ 135፣ 389፣ 445፤ ሁሌ የሚረሱት ደግሞ ከ49152 እስከ 65535 ያሉት የአርፒሲ ፖርቶች ናቸው። ሰዓቱ ከ5 ደቂቃ በላይ ከተዛነፈም ከርቤሮስ በር ላይ ይመልሳችኋል።

የእኛዎቹ ዲኤችሲፒው ተስተካክሎ አይፒ እንዳደሱ ገቡ።