ዱረም የታመመበት፣ ራይ የዳነበት ማሳ

በቱርክ፣ በማዕከላዊ አናቶሊያ፣ ገበሬው ናይትሮጅንም ፎስፈረስም ለማሳው አልነፈገም። ስንዴው ግን አልቀናውም። ቅጠሉ መሐሉ ላይ ነጣ ይላል፣ ቀስ በቀስ ቡናማ ይሆንና ከዚያው ስፍራ ይታጠፋል፤ ጫፉ ገና አረንጓዴ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ኢስማኢል ቻክማክ የተባሉ ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው ለማሳው ዚንክ ሰጡት፤ ስንዴው አገገመ። የበለጠ ያስገረመው ግን ሌላ ነበር። እዚያው አፈር ላይ የበቀለው ራይ፣ የስንዴ ዘመድ የሆነው እህል፣ ምንም አልሆነም። የዳቦ ስንዴ ተጎዳ። ከሁሉ የባሰበት ለፓስታና ለማካሮኒ የሚሆነው ዱረም ነበር።

አፈሩ ሲመረመር ዚንክ አልጠፋበትም። ኖራ ስለበዛበት ዚንኩን አጥብቆ ይዞታል፤ እህል ሞልቶት ቁልፉ እንደጠፋ ጎተራ። የራይ ሥር ግን ያንን ከአፈሩ ያላቅቃል፤ ባገኘው ጥቂት ዚንክም ይብቃቃል። ድህነትን የሚችል ዘር አለ ማለት ነው፤ ለእኔ ከግኝቱ ሁሉ ትልቁ ይህ ነው።

እኛ ዘንድ፣ በኢትዮጵያ፣ ማዳበሪያ ሲባል ለአሥርተ ዓመታት ዳፕና ዩሪያ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ የአገሪቱ አፈር በሰፊው ሲፈተሽ፣ በብዙ ቦታ ሰልፈር፣ ቦሮንና ዚንክም ጎድለው ተገኙ። እ.ኤ.አ. የ2016ቱ አገር አቀፍ ጥናት ደግሞ ወደ ሰው ደም ዞረ፤ ከተመረመሩት 72 በመቶው የዚንክ እጥረት ነበረባቸው። ዚንክ ሲያንስ ልጅ ይቀጭጫል፣ በሽታ የመቋቋም አቅሙም ይደክማል።

እ.ኤ.አ. በ2021 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ዳውድ ጋሹና ባልደረቦቻቸው ከአማራ፣ ከኦሮሚያና ከትግራይ ማሳዎች የሰበሰቡትን እህል መርምረው ውጤቱን ኔቸር መጽሔት ላይ አወጡ። በእህሉ ውስጥ ያለው ንጥረ ነገር እንደየቦታው በጣም ይለያያል። በተለያየ ቦታ እኩል የበሉ ሁለት ቤተሰቦች እኩል ዚንክ ላያገኙ ይችላሉ።

ከደሴ ተነስቶ በሐረጎ ቁልቁለት ኮምቦልቻ የወረደ ሰው ይህ በደንብ ይገባዋል። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ግድም ነው፤ ከፍታው ግን ከ600 ሜትር በላይ ይወርዳል። ላይ ስንዴና ገብስ፣ ታች ጤፍና ማሽላ። አፈሩም እንደ እህሉ ይለወጣል። አንድ ዓይነት ማዳበሪያ ለሁሉ የሚል ምክር እዚህ አይሠራም።

ዘሩም አለን። ዱረም ለዚንክ እጦት ደካማ ነው ቢባልም፣ ወሎ ገበሬው እየመረጠ ያቆያቸው ብዙ ዓይነት የዱረም ዘሮች አሉት። እ.ኤ.አ. በ2012 በሰሜን ወሎ መቄት፣ ገረገራ ላይ ሴትና ወንድ ገበሬዎች 400 ዓይነት ዱረም በማሳ ላይ እያዩ ነጥብ ሰጥተው ነበር። እነዚህ ዘሮች ዚንክ በነጠፈበት አፈር ላይ ተዘርተው መፈተን አለባቸው፤ ሲታጨዱም ከኩንታሉ ጋር በፍሬው ውስጥ ያለው ዚንክ ይለካ።