ጥርስ ለሌለው ታካሚ የሚሠራ የለስላሳ ላንቃ ምትክ

በመናገርና በመዋጥ ጊዜ ለስላሳው ላንቃ ወደ ላይና ወደ ኋላ ተነሥቶ ከጉሮሮ ግድግዳ ጋር ይገጥማል፤ የአፍንጫው መንገድም ይዘጋል። ይህ ክፍል በካንሰር ቀዶ ሕክምና ሲወገድ ውሃና ምግብ በአፍንጫ ይወጣል፤ ድምፅም ነፍናፋ ይሆናል። በአማርኛ ጥ፣ ጭ፣ ጽ እና ጵ ይደክማሉ፤ አፍ ውስጥ ታምቆ የሚፈነዳ አየር ይፈልጋሉና።

ጉድለቱን የሚሞላው ከሰው ሠራሽ ጥርሱ ተቀጥሎ ወደ ጉሮሮ የሚዘልቅ ድቡልቡል የአክሪሊክ አካል ነው። እርሱ ራሱ አይንቀሳቀስም፤ የጉሮሮ ጡንቻዎች ሲኮማተሩ ይገጥሙታል፣ ሲላሉ በዙሪያው አየር ያልፋል።

ጥርስ ላለው ሰው በብረት ማቀፊያ ከጥርሱ ጋር ይያዛል። ጥርስ ለሌለው ግን ከባዱ ሥራ እዚህ ላይ ነው። የላይኛው ሙሉ ሰው ሠራሽ ጥርስ የሚጣበቀው ዙሪያው አየር ሳያስገባ ሲዘጋ ነው። የኋላ ጠርዙ የሚያርፍበት ለስላሳ ሥጋ ከሌለ መዘጋቱ ይጓደላል፤ የተቀጠለው ክብደትም ከኋላ ወደ ታች ይጎትተዋል። ስለዚህ ድቡልቡሉ ውስጡ ባዶ ተደርጎ ይሠራል። ከሁሉ በፊት ግን ጥርሱ ብቻውን ተሠርቶ፣ ታካሚው ለምዶት፣ ሲበላበት መርጋቱ ይታያል። ይህን ደረጃ በችኮላ መዝለል ሁለቱንም ያበላሻል።

የድቡልቡሉ ልኬት የሚወሰደው በአፍ ሙቀት በሚለሰልስ ሰም ነው። ታካሚው ራሱን ወደ ቀኝና ወደ ግራ ያዞራል፣ አገጩን ወደ ደረቱ ያስጠጋል፣ ውሃ ይውጣል፣ ይናገራል፤ ሰሙን የሚቀርጸው የራሱ ጡንቻ ነው። ከፍታውም ይለካል፦ ዝቅ ካለ ምላስ ይገፋዋል፣ ከፍ ካለ ጡንቻው አያገኘውም።

ለፈተና ቀዝቃዛ መስታወት ከአፍንጫ ሥር ይያዛል። «ዳቦ ቆረጠች» ሲባል መስታወቱ ጉም መልበስ የለበትም፤ «እማማ» ሲባል ግን ጉም መልበስ አለበት። «እማማ» ወደ «እባባ» ካደላ ድቡልቡሉ ጠብቋል፤ በአፍንጫ መተንፈስም ይቸግራል፤ ስለዚህ በጥቂት በጥቂቱ ይሞረዳል።

የመንጋጋው አጥንት ከፈቀደ በውስጡ የሚተከል ኢምፕላንት ለሰው ሠራሽ ጥርሱ ጽኑ መያዣ ይሆናል፤ ጨረር ባገኘው መንጋጋ ላይ ግን አጥንቱ በቀላሉ ስለማይድን ውሳኔው ጥንቃቄ ይሻል። ቀዶ ሐኪሙና የጥርስ ሐኪሙ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ሊነጋገሩ የሚገባውም ለዚህ ነው። ሌላም ምክንያት አለ፦ ከኋላ የሚቀር ቀጭን የላንቃ ቅሪት ጥርስ ላለው ሰው እንቅፋት ሊሆን ይችላል፤ ጥርስ ለሌለው ግን ምትኩ ከላዩ ተደግፎ የሚያርፍበት ቦታ ሊሆነው ይችላል።