«ደከም» ሌላ፣ «ድክም» ሌላ

ዜና ሳርም ደጋግሞ የሚገጥመኝ ሐረግ አለ፦ «እጅግ ከበድ ያለ ጉዳት»። «ከበድ ያለ» ከ«ከባድ» ለዘብ ይላል፤ «እጅግ» ደግሞ ጫፍ ያደርሰዋል። አንባቢው ጉዳቱ ምን ያህል እንደሆነ ሳይገባው ይቀራል። እባካችሁ አንዱን ምረጡ።

አማርኛ ልክን ለመግለጽ የግድ «ትንሽ» ወይም «በጣም» አያስፈልገውም፤ የቃሉን ቅርጽ ራሱን ይለውጣል። «ደከም ብሎኛል» ያለ ሰው ዐረፍ ቢል ይበቃዋል፤ «ድክም ብሎኛል» ያለው ግን አቅሙ አልቋል። «ደንገጥ አለች» እና «ድንግጥ አለች» እንዲሁ ናቸው፦ የመጀመሪያዋ ወዲያው ትረጋጋለች፣ ሁለተኛዋ ውኃ ይቀርብላታል። ቀለምና ቁመትም በዚሁ መንገድ ይለዝባሉ፦ ቀላ ያለ፣ ጠቆር ያለ፣ ረዘም ያለ።

ልዝቡ ቅርጽ ለትሕትናም ያገለግላል፤ እኔ ከሁሉ የምወደው ይህን ነው። የታክሲ ረዳት «ጠጋ ጠጋ በሉ» ሲል ማዘዙ ነው፣ ግን ማንም አይቀየመውም።

የፍርድ ቤት ዜና ላይ ግን ጠንቀቅ በሉ። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 555 ከባድ፣ በአንቀጽ 556 ቀላል የአካል ጉዳትን ለይቶ ይደነግጋል። «ከበድ ያለ» የሚባል የወንጀል ዓይነት የለም። ምንጫችሁ በቃል «ከበድ ያለ ነው» ቢላችሁ እንኳ ክሱ የቀረበበትን አንቀጽ ጠይቁ። 555 ከሆነ «ከባድ» ብላችሁ ጻፉ።