የኦክቴን ቁጥርና ከፍታ፦ ለመኪናችን የሚስማማውን ቤንዚን ስለ መምረጥ

«ኦክቴኑ ከፍ ያለ ቤንዚን ለመኪና ጉልበት ይሰጣል» የሚለው አስተሳሰብ በአሽከርካሪዎች ዘንድ የተለመደ ነው። ይሁን እንጂ የኦክቴን ቁጥር የሚያመለክተው ቤንዚኑ የያዘውን የኃይል መጠን ሳይሆን፣ በሙቀትና በግፊት ምክንያት ያለጊዜው በራሱ እንዳይቀጣጠል ያለውን የመቋቋም ዐቅም ነው። የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማም ይህን ልዩነት ማብራራትና የምንነዳበት ስፍራ ከፍታ በምርጫው ላይ ያለውን ድርሻ ማሳየት ነው።

በቤንዚን ሞተር ውስጥ ፒስተኑ የአየርና የነዳጅ ድብልቁን ሲያምቀው ድብልቁ ይግላል። ቃጠሎው መጀመር ያለበት ካንዴላው ብልጭታ ሲሰጥ ነው፤ እሳቱም ከዚያ ተነሥቶ በሥርዓት ይዛመታል። ሙቀቱና ግፊቱ ከነዳጁ ዐቅም በላይ ሲሆን ግን እሳቱ ገና ያልደረሰበት የድብልቁ ክፍል በራሱ ይፈነዳል። ሞተሩ «ያንኳኳል» የሚባለው ያን ጊዜ ነው። ከባድ ማንኳኳት ከተደጋገመ ፒስተኑን እስከ መብሳት የሚደርስ ጉዳት ያስከትላል።

የመለኪያው መሠረት ሁለት ውህዶች ናቸው፤ ለአይሶኦክቴን 100፣ ለኖርማል ሄፕቴን ደግሞ 0 ተሰጥቷል። ስለዚህ «95» የተባለ ቤንዚን በመፈተሻ ሞተር ላይ የሚያሳየው ጠባይ፣ 95 በመቶ አይሶኦክቴንና 5 በመቶ ሄፕቴን ካለው ድብልቅ ጋር እኩል ነው ማለት ነው። እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በአውሮፓና በባሕረ ሰላጤው አገሮች ማደያዎች የሚለጠፈው ቁጥር «የምርምር ኦክቴን» የሚባለው ሲሆን፣ በአሜሪካ የሚለጠፈው ግን የዚህና ጠንከር ባለ ሁኔታ የሚለካው «የሞተር ኦክቴን» አማካይ ነው። በዚህም ምክንያት የአሜሪካው 87 ከሌላው ዓለም 91 ወይም 92 ጋር ይቀራረባል። ከዱባይ የመጣን መኪና መመሪያ ከአሜሪካ በተገኘ ምክር የሚተረጉም ሰው ይህን ልዩነት ካላወቀ ይሳሳታል።

የነዳጁን ፍላጎት የሚወስነው በቅድሚያ የሞተሩ አሠራር ነው። ድብልቁን አብዝቶ የሚያምቅ ወይም ቱርቦ የተገጠመለት ሞተር ከፍ ያለ ኦክቴን ይፈልጋል። ቀጥሎ የሚመጣው ከፍታ ነው። ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ በምትገኘው በአዲስ አበባ የአየር ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር የሚስበው አየር ስለሚሳሳ በሲሊንደሩ ውስጥ የሚፈጠረው ግፊት ይቀንሳል፤ የማንኳኳት ዕድሉም እንዲሁ። በኮሎራዶ ተራራማ አካባቢዎች 85 ቁጥር ቤንዚን የሚሸጠው በዚሁ ምክንያት ነው። ይህ ልማድ ከካርቡሬተር ዘመን የቀረ ስለሆነ ብዙ አምራቾች ለዘመናዊ መኪና በዚያም ቢሆን ቢያንስ 87 እንዲቀዳ ይመክራሉ። ቱርቦ ያለው ሞተር ደግሞ የሳሳውን አየር ራሱ ስለሚያካክስ በከፍታው ላይ መተማመን አይችልም።

ከፍታው የሰጠው እፎይታ ቁልቁል ሲወረድ ያበቃል። በአዲስ አበባ ያለ እንከን የሚሠራ ሞተር፣ ሰውና ዕቃ ጭኖ ወደ ሰመራ ቢጓዝ ከፍታው ከ500 ሜትር በታች ስለሚሆንና አየሩም ስለሚግል በዚያው ቤንዚን ሊያንኳኳ ይችላል። በዘመናዊ መኪኖች ላይ ያለው መቆጣጠሪያ ማንኳኳቱን ሲያውቅ የካንዴላውን ብልጭታ ያዘገያል፤ ሞተሩ ከጉዳት ቢድንም ጉልበቱ ይቀንሳል፣ የነዳጅ ፍጆታውም ይጨምራል።

ስለዚህ መነሻችን በመመሪያው መጽሐፍ ወይም በነዳጅ መቅጃው ክዳን ላይ የተጻፈው ዝቅተኛ ቁጥር ሊሆን ይገባል። 91 ለሚበቃው ሞተር 98 መቅዳት ገንዘብን ማባከን ነው፤ 95 የግድ ለሚለው ሞተር 91 መቅዳት ደግሞ ሞተሩን ለአደጋ ማጋለጥ ነው። በማደያው ዝቅተኛው ቤንዚን ብቻ ካለ ጭነትን መቀነስ፣ ዳገት ላይ በከፍተኛ ማርሽ ነዳጅ አጥብቆ ከመርገጥ ይልቅ ቀድሞ ወደ ዝቅተኛ ማርሽ መቀየር ይመከራል። ማንኳኳቱ ከቀጠለ ግን መንስኤው ከነዳጁ ውጭ፣ ለምሳሌ የሞተር ከመጠን በላይ መጋል ወይም በፒስተኑ ላይ የተከማቸ ጥላሸት፣ ሊሆን ስለሚችል ለመካኒክ ማሳየት ያስፈልጋል።